ተራኪ የሌለው ሐይቅ

አባቴ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲነጋገር የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የጥርስ ብሩሼን ጎርሼ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ የታየው የንቦች ፊልም እየተደገመ ነው። ተራኪዋ እናቴ ናት። ሰዉ ሁሉ በሚያውቀው በዚያ ረጋ ባለ ድምጿ፣ ንቦች ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ቀፏቸው የሚያፈስበትን ቦታ ፈልገው እንደሚደፍኑ ተናገረች። አባቴ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ፣ «እሺ፣ ቅዳሜ እወጣለሁ፤ መሰላሉን ጎረቤት ወስዶብኝ ነው» አለ። የሚመልሰው ለቴሌቪዥኑ ነው። እናቴ በአካል ከእሱ ስድስት ሰባት እርምጃ ርቃ ኩሽና ውስጥ እንቁላል ትጠብሳለች። የማንኪያዋ ድምፅ ለአፍታ ቆም አለና እንደገና ቀጠለ። እኔ የጥርስ ሳሙናውን አረፋ ዋጥኩት።

እናትና አባቴ አይነጋገሩም። ይኸው ሰባት ዓመታቸው። ለምን ብትሉኝ፣ እሷ የምትነግረኝና እሱ የሚነግረኝ የሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ታሪክ ስለሚመስል መጠየቁን ትቼዋለሁ። አይሰዳደቡም፣ ዕቃ አይወራወሩም፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ፣ ልብሳቸው አንድ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ ብቻ አንዱ ለሌላው ቃል አያወጣም። አገናኛቸው እኔ ነኝ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እናቴ «አባትሽን ሳሙና አልቋል በዪው» ትለኛለች። እሱም ዳቦውን እያኘከ «ሰምቻለሁ በያት» ይለኛል። በሠላሳ አራት ዓመቴ ደመወዝ የማይከፈለኝ አስተርጓሚ ሆኛለሁ፤ ያውም አንድ ቋንቋ ለሚናገሩ ሰዎች። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም፤ አንዳንዴ ማታ ጋደም ስል ሁለቱም በየፊናቸው ሲገላበጡ እሰማለሁ።

እና በዚያ ጠዋት የደረስኩበት መደምደሚያ ቀላል ነበር፤ አባቴ እየጃጀ ነው። ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ፣ የሚለውን የሚያውቅ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ከንብ ጋር ስለ መሰላል ማውራት ከጀመረ ነገሩ ጥሩ አይደለም። ቁርስ ላይ በቆረጣ አየሁት። እንቁላሉን በሥርዓት ቆርሶ ይበላል፣ ጨው ሳይጠይቅ። ፊቱ ሰላም ነው። እናቴም ሻይዋን እያማሰለች ወደ መስኮቱ ትመለከታለች፤ ውጭ ጉም ወርዶ የጎረቤቱ አጥር እንኳ አይታይም ነበር። ሁሉም ነገር ገና ያልነቃ ይመስላል። ሐኪም ቀጠሮ ልይዝለት ወሰንኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

የምሠራው ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው፤ ኤዲተር ነኝ። እናቴ የምትተርክበትን «በዙሪያችን» የተባለውን ፕሮግራም ግን አልነካም ነበር። እናትና ልጅ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ አይገቡም ብላ ገና ስቀጠር የደነገገችው እሷው ናት። የእኔ ድርሻ ባለሙያዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያስረዱባቸው ፕሮግራሞች ናቸው፤ ስለ ጥርስ፣ ስለ መንገድ ደኅንነት፣ ስለ ግብር። ሥራዬ የባለሙያውን «እ...እ...» እየቆረጡ አንደበተ ርቱዕ ማስመሰል ነው። ቀኑን ሙሉ ይህን ስሠራ ውዬ ቤት ገብቼ ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት አልቀመጥም። ለዚህ ነው እናቴ በየሳምንቱ ምን ስትል እንደምትውል ከእኔ ይልቅ የአውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያውቀው። በዚያ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ቲማቲም በዓይን ብቻ የሚበላ ነገር ሆነ እያሉ ያማርራሉ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ደፍርሷል፣ ከተማው ከመስታወቱ ማዶ ቀስ እያለ ያልፋል። ትንሽ አሸለበኝ መሰለኝ፤ ስነቃ ፌርማታዬ ላይ ደርሻለሁ።

አዲሱ የፕሮግራም ኃላፊ ገና ኮቴን ሳላወልቅ አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሰው ሲያናግር ከወንበሩ ይነሳል። ሦስት ወር ሥልጠና ተልኮ ከተመለሰ ወዲህ የቢሮው ግድግዳ በባለቀለም ወረቀት ተሸፍኗል። እያንዳንዱ ቀለም አንድ የዘጋቢ ፊልም ዓይነት ነው፤ ቢጫው ላይ የተጻፈው ተራኪ ከላይ ሆኖ የሚነግረን ፊልም ነው፤ አረንጓዴው ካሜራው ምንም ሳይናገር ሰው ሲኖር የሚያይበት ነው፤ ሌላው ተዋናይ ያለፈውን የሚያስመስልበት፣ ሌላው ፊልም ሠሪው ራሱ ገብቶ የሚከራከርበት። ቢጫዎቹ ወረቀቶች ተላልጠው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ስለ አረንጓዴው ሲያወራ ዓይኑ ያበራል። ተመልካች ሕፃን አይደለም፣ ዓሣ እያየ «ይህ ዓሣ ነው» ሊባል አይገባውም፣ ዝም ብለን ብናሳየው ራሱ ይረዳል አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አብዛኛውን አምኜበታለሁ። እኛ ቤት አረንጓዴው ዓይነት ፊልም በየቀኑ ይታያል፣ ካሜራዋ እኔ ነኝ፣ ሰባት ዓመት አይቼ ምንም አልተረዳሁም ብዬ ልነግረው አስቤ ተውኩት።

ከዚያ ደብዳቤ አሳየኝ። ከአንድ ትምህርት ቤት የተጻፈ ነው። መምህሩ እንዳሉት፣ አንድ ተማሪ በፈተና ላይ «ትልቁ የውኃ ወፍ ማለዳ አንገቱን ሳይሸፍን ከወጣ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል» ብሎ መልሷል፤ ሲጠየቅም ከ«በዙሪያችን» ነው የሰማሁት ብሎ ድርቅ ብሏል። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። ተራኪ የሚባል ነገር ሲኖር እንዲህ ያለ ስህተት ሾልኮ ይገባል፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራሙ ተራኪ አይኖረውም አለኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት የሚወጣው የሐይቁ ፊልም ከሁለት ሳምንት በፊት ተተርኮ አልቋል፤ ትረካውን አውጥቼ፣ የውኃውንና የወፎቹን ድምፅ ብቻ አስቀርቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳስረክብ አዘዘኝ። የፕሮግራሙ ኤዲተር የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ስለ እናቴ ሲያነሳ ድምፁ ቀነሰ። ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል፣ ምስጋናም ይኖረዋል፣ ግን ዛሬ በስምንት ሰዓት ለቀረጻ መምጣታቸው ስለማይቀር ቢቻል አንቺ ብትነግሪያቸው አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችን ሴት የሚያሰናብታት በልጇ አፍ ነው። መናደድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን መልእክት ማድረስ ለምዶብኝ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ኤዲቲንግ ክፍላችን መስኮት የለውም። መብራቱን አጥፍቼ ሐይቁን ከፈትኩት፤ ግድግዳው፣ እጄ፣ የቡና ስኒዬ ሁሉ ውኃ መሰለ። ቆንጆ ፊልም ነው። ሸምበቆ፣ ጀልባ፣ መረቡን የሚያራግፍ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ። ድምፁ ሁለት መስመር ላይ ተቀምጧል፣ በአንዱ ሐይቁ፣ በሌላው እናቴ። የሚቆረጠውን ለይቼ ለመስማት ብዬ ሐይቁን ዘጋሁትና እናቴን ብቻዋን ተውኳት። ድምጿን ያለ ምንም ነገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ትንፋሽ ትወስዳለች፤ የምትናገረው ጆሮዬ ሥር ተቀምጣ ነው የሚመስለው። ልጅ ሆኜ ሲያተኩሰኝ ግንባሬ ላይ እጇን አድርጋ የምታወራኝ ዓይነት ነበር። እየሰማሁ ጽሑፉን በጣቴ እከተላለሁ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ፣ ኤሊዋ ድንጋይ ላይ ስትወጣ፣ ጣቴ የሚከተለው አጣ።

ጽሑፉ ላይ «ኤሊዎች ፀሐይ ለመሞቅ ይወጣሉ» ይልና ያበቃል። እናቴ ግን ትንፋሽ ወስዳ ቀጠለች። «ኤሊ ስታኮርፍ አንገቷን ቅርፊቷ ውስጥ ትከታለች። ላያት ሰው እንደተናደደች የቀረች ይመስላል። ንዴቱ ግን ድሮ አልፏል። አሁን የምትጠብቀው የሚጠራትን ብቻ ነው፤ በራሷ መውጣቱን አታውቅበትም።»

መልሼ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከመዝገብ ቤቱ የድሮዎቹን ፊልሞች እያወጣሁ ድምጿን ከየጽሑፉ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ፤ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። የወረቀት ፋብሪካው ፊልም ላይ፣ ያረጀ ማሽን በየስድስት ወሩ መታየት አለበት፣ በተለይ ዓይኑ፤ አባቴ ባለፈው ወር ማንም ሳይነግረው ሄዶ መነጽሩን ቀይሯል። የዝሆኑ ላይ፣ ዝሆን ጨው ይወዳል፣ ዕድሜው ሲገፋ ግን ሐኪም ከልክሎታል። የውኃ ወፉ ላይ ደግሞ ያው አንገት መሸፈን፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት ያለ ሻርፕ መውጣት ያቆመው መቼ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ሰውየው አልጃጀም። ሚስቱ ታወራዋለች፣ እሱም ይመልስላታል፣ እሷ ኩሽና ሆና መልሱን ትሰማለች፣ በሚቀጥለው ቀረጻ ትቀጥላለች። አንዱ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል እንጂ እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ ነው የኖሩት። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ስለ ሳሙና አስተረጉማለሁ።

ጋሽ ጆሮ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ሳቄና እንባዬ ተደባልቆ አገኘኝ። ጋሽ ጆሮ የድምፅ ባለሙያችን ነው፤ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ጣቢያው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ፎቅ ላይ መርፌ ቢወድቅ ከምድር ቤት ሆኖ የማን መርፌ እንደሆነ ይናገራል ይባልለታል። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ገባው። ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የሚቀዳው ድምፅ እንጂ የሰው ጉዳይ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ደግሞ እሱም ሁሉንም ዝም ብሎ እንደማያሳልፍ ጨመረበት። እባብ ቆዳው ሲጠበው አዲሱን ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ ያገኘዋል ብላ የተናገረችውን አስወጥቶ ጽሑፉን ብቻ አስነብቧት እንደነበር ሲያስረዳኝ ፊቱ የምር ነው። አዲሱ ቆዳ ሹራብ ነበር፤ እኔው ነኝ በኋላ ለአባቴ አውጥቼ የሰጠሁት።

ወደ ኃላፊው ቢሮ የሄድኩት ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ትረካውን በሙሉ ልቁረጠው፣ አንዲት ቦታ ብቻ ባለችበት ትቆይልኝ አልኩት። የትኛዋ አለኝ፣ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ኤሊ ታኮርፋለች እንዴ?»

«አንዳንዷ» አልኩት።

ምንጩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ በቁጣ ሳይሆን ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ። እውነቱን ብናገር እናቴ በእነዚያ ሁሉ ፊልሞች ውስጥ የራሷን ቤት አስገብታ ለሕዝብ ስታስተላልፍ ኖረች ማለት ነው፤ የምስጋናው ደብዳቤ የክስ ደብዳቤ ይሆናል፣ ጋሽ ጆሮም ይከተላታል። ዝም አልኩ። እሱም ዝምታዬን በራሱ መንገድ ተረጎመው፤ እናትሽ ናቸው፣ እንደሚከብድሽ ይገባኛል፣ ግን ለአንዱ ስንፈቅድ ለሌላው መከልከል አንችልም አለኝ። ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ከግድግዳው ላይ አንድ አረንጓዴ ወረቀት ተላቆ ሲወድቅ ሁለታችንም ለማንሳት ጎንበስ አልንና ግንባራችን ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ።

እናቴ ለስምንት ሰዓቱ ቀረጻ መጣች፣ እንደ ወትሮዋ ከአምስት ደቂቃ በፊት። ኮቷን መስቀያው ላይ ሰቀለች፣ የሞቀ ውኃዋን በብርጭቆ ይዛ ከመስታወቱ ማዶ ተቀመጠች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የዛሬው ስለ አንድ አሮጌ ድልድይ ነው፤ ጽሑፉን እያገላበጠች እርሳሷን ታሾላለች። በጋሽ ጆሮ ቦታ እኔ መቀመጤን ስታይ ቅንድቧን አነሳች፤ እሱ ሻይ ልጠጣ ብሎ ውልቅ ብሏል። ቁልፉን ተጭኜ በማይኩ ነገርኳት። ፊት ለፊት ሆኜ መናገር አልቻልኩም፤ ይኼ ነገር ለካ በዘር ነው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ የድልድዩን ወረቀቶች ጠርዛቸውን አስተካክላ ደረደረቻቸው። ከሥራ ስለ መውጣቷ አልጠየቀችኝም፣ ስለ ደብዳቤው አልጠየቀችኝም።

«የሐይቁስ?» አለችኝ።

የሐይቁ ዛሬ ይወጣል፣ ያለ አንቺ አልኳት። የኤሊዋን ቦታ እንደሰማሁ ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ፣ ጉንጯ ቀላ። ማንም ሳያይ ዓረፍተ ነገሯን መልሼ ላስገባት እንደምችል ነገርኳት፤ ፊልሙ ተላልፎ እስኪያልቅ የሚያቆመው የለም። ራሷን ነቀነቀች። በእኔ ምክንያት አንቺ ከሥራሽ አትባረሪም አለች። እንግዲያው ቤት ንገሪው፣ ሶፋው ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሌላ አገር አይደለም አልኳት፤ ድምፄ ትንሽ ጮኸ መሰለኝ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችው። ከዚያ ማይኩን እያየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሱ እንደምትናገር ሁሉ፣ ቀስ ብላ መለሰችልኝ።

«ቤት ውስጥ መስታወት የለ፣ ማይክ የለ። እሱ ፊት ስቆም አፌ ይያዛል። ደግሞስ በምን ይጀመራል? ሰባት ዓመት ዝም ያለች ሴት አንድ ቀን ተነስታ እንዴት አደርክ ትላለች?»

ሁለታችንም ከመስታወቱ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠን ቆየን፤ ቀይዋ የቀረጻ መብራት ሳትጠፋ ቀርታ ስለነበር፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዝምታችን ሲቀዳ ኖሯል። ከዚያ ተነስታ ብርጭቆዋን አጠበች። ስምንት ተኩል ላይ ወደ ጨለማው ክፍሌ ተመለስኩና የእናቴን ድምፅ ከሐይቁ ላይ አነሳሁ። በጣም ቀላል ሥራ ነው፤ አንድ መስመር ትመርጣለህ፣ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ። ሐይቁ እንደነበረ ቀረ። እንዲያውም አምሮበታል፤ ኃላፊው እውነቱን ነው፣ ውኃው ብዙ ነገር ይናገራል። እኔ ግን ቁልፉን ስጫን ሰው ያነቅኩ ያህል ከበደኝ። ከማስረከቤ በፊት የኤሊዋን ቦታ ስልኬ ላይ ገለበጥኩት። ምን ላደርግበት እንደሆነ በትክክል አላውቅም ነበር፤ ምናልባት ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ አሰማዋለሁ፣ ወይም ደግሞ ሰባት ዓመት ለፍታ ያወጣችውን ቃል እኔ በስልክ ማዞሬ ነውር ይሆናል።

አንድ ላይ በአውቶቡስ ተመለስን። ጉሙ ገፎ የከሰዓቱ ፀሐይ ሰውን ሁሉ አፍዝዞታል፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ውጭ ውጭውን ታያለች። ስንደርስ «ወራጅ አለ» ስትል ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር አሉና እርስዎ የንቦቹ ነዎት እንዴ ብለው ጠየቋት። «ነበርኩ» አለችና ወረደች። ከፌርማታው እስከ ቤት በእግር ሄድን። ልጠይቃት የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ስንት ጊዜ ጠርታው እንዳልሰማት፣ ስንት ጊዜ መልሶላት እንደተደሰተች። አልጠየቅኳትም፤ ጎን ለጎን እየተራመድን ጥላችን ከፊታችን ይቀድመን ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት አባቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ቦታውን ይዟል። እናቴ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ኩሽና ገብታ ድንች ትልጣለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ። እኔ መሀል ላይ፣ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ሐይቁ መጣ። የቤታችን መጋረጃ ቢጫ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ሳሎኑ ሁሉ ማር ይመስላል፤ በዚያ ላይ የውኃው ብርሃን ግድግዳው ላይ ይዋልል ጀመር። አባቴ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ተዘጋጀ፣ ወፉ ሲያርፍ ተዘጋጀ፤ ውኃው ብቻ ነው የሚናገረው። ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። ሐይቁ ቤታችንን ሞላው፤ ሸምበቆው ጆሯችን ሥር ይንሿሿል፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ ጠብታው እኛ ላይ የሚደርስ ይመስላል። ኩሽና ውስጥ የቢላው ድምፅ ቆሟል።

ኤሊዋ ከውኃው ወጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እዚህ ቦታ ላይ ምን ሊባል እንደነበር ከዚያ ቤት ውስጥ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሊሰማው የሚገባው ሦስተኛው አያውቅም። ኤሊዋ ተቀምጣ ቆየች፣ ፀሐይ ሞቀች፣ ምስሉ ተቀየረ። እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኬን ይዟል፣ አሁን ላውጣው፣ አሁን ላውጣው እላለሁ። አባቴ ድንገት ተነሳ። የሚመጣውን ስለማውቅ ፊቴን ወደሱ አዞርኩ፤ እናትሽን እንዲህ በያት ሊለኝ ነው። አላየኝም። በፊቴ አልፎ ሄደና ኩሽናው በር ላይ ቆመ።

«አመመሽ እንዴ?» አላት።

እናቴ ግማሽ የተላጠ ድንች እንደያዘች ዞረች። ስትመልስ የመጣው ድምፅ የቴሌቪዥኑ አልነበረም፤ የሰለለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ እኔም የማላውቀው ድምፅ ነው።

«ደህና ነኝ» አለች።

«ታዲያ ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?»

ዛሬ ነው ያለው። እኔ ሰባት ዓመት የቆጠርኩት ዝምታ እሱ ዘንድ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደግሞ መታገሥ አቅቶት ተነስቶ መጥቷል። እናቴ በእርጥብ እጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ወሬ የሚጀመርበትን ቃል ስትፈልግ ከርማ፣ እሱ ሳያስበው ጀምሮላት አገኘችው።

«አትናገሪ ተባልኩ» አለች።

«ማን አባቱ ነው የሚልሽ?»

«አለቆቹ ናቸው» አለች። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ ወደኔ ተመለከተች። «የቆረጠችኝ ግን ልጃችን ናት።»

አባቴ ወንበር ስቦ እናቴ አጠገብ ተቀመጠና ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ነይ እስቲ ወዲህ፣ ምን አድርገሽ ነው አለኝ፤ እሷም እስቲ ንገሪው አለችኝ፣ ድንቹን መላጡን እየቀጠለች። ሁለቱ ተባብረው ሲቆጡኝ ትዝ የሚለኝ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ደስ አለኝ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ትቼ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገቴን ደፍቼ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።